ፓኬት ትሬሰር፦ ሒሳብ ክፍሉ አይፒ ያገኛል፣ እንግዳ መቀበያው አያገኝም

ጠያቂዋ (ጎንደር፣ ፒያሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ፒያሳ ለምትገኝ አንዲት ትንሽ የሒሳብ ሥራ ቢሮ ኔትወርክ እንድዘረጋ ተጠይቄያለሁ። ለብቻዬ የያዝኩት የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ኬብልና ስዊች ከመገዛቱ በፊት በሲስኮ ፓኬት ትሬሰር (ኔትወርክን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ በሚያሠራው ፕሮግራም) ሠርቼ ላሳያቸው ፈልጌ ነበር፤ ሁለት ሌሊት ሙሉ ግን አንድ ቦታ ላይ ተይዣለሁ።

ቢሮው 10 ኮምፒውተርና 1 ፕሪንተር አለው። 6ቱ ኮምፒውተሮችና ፕሪንተሩ የሒሳብ ክፍል ናቸው፤ ቪላን 10 (ቪላን አንዱን ስዊች ወደ ተለያዩ ኔትወርኮች የሚከፍል ነው) ውስጥ አስገብቼ 192.168.10.0 የሚለውን የአይፒ አድራሻ ክልል ሰጠኋቸው። 4ቱ የእንግዳ መቀበያ ናቸው፤ ቪላን 20፣ 192.168.20.0። ማስኩ ለሁለቱም 255.255.255.0 ነው። ስዊቹ 2960፣ ራውተሩ 2911። በራውተሩ ጊጋቢት 0/0 ላይ 192.168.10.1 አስገባሁ፤ ከዚያ 0/0.20 የሚል ሰብኢንተርፌስ (በአንዱ ፖርት ውስጥ የሚከፈት ንዑስ ፖርት) ከፍቼ 192.168.20.1 ሰጠሁት። ለኮምፒውተሮቹ አይፒ የሚያድለው ዲኤችሲፒውም እዚያው ራውተሩ ላይ ነው፤ ለሁለቱም ክፍል ፑል (የሚታደሉ አድራሻዎች ስብስብ) አለ። ወደ ራውተሩ የሚሄደው የስዊቹ ፖርት ጊጋቢት 0/1 ሲሆን ቪላን 10 ውስጥ ነው ያስገባሁት።

የሒሳብ ክፍሎቹ ወዲያው አይፒ አገኙ። የእንግዳ መቀበያዎቹ ግን በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ይዘው ቀሩ። መብራቱ ሁሉም ጋ አረንጓዴ ነው። ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ብጀምር ይሻላል?

የማራኪ ተማሪ

እህቴ፣ በፍጹም እንዳታጠፊው። 169.254 ማለት ኮምፒውተሩ አድራሻ ጠይቆ የሚመልስለት ሲያጣ ለራሱ የሰጠው ቁጥር ነው። ስለዚህ ጥያቄው መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። የቀረውም ጊጋቢት 0/1 ላይ ነው፤ ፖርቱን ቪላን 10 ውስጥ ስላስገባሽው የቪላን 20 ወሬ በዚያ አያልፍም። ስዊቹ ላይ ወደዚያ ፖርት ገብተሽ ስዊችፖርት ሞድ ትራንክ በይው፤ ትራንክ የሁለቱንም ቪላን መልእክት በአንድ ኬብል ያሳልፋል።

ጠያቂዋ

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ትራንክ ሳደርገው እንግዳ መቀበያው አይፒ አገኘ! አሁን ደግሞ ሒሳብ ክፍሉ ጠፋ። ጌትዌዩን (የራውተሩን 192.168.10.1) ፒንግ ሳደርግ፣ ማለት የመሞከሪያ መልእክት ስልክለት፣ መልስ የለም፣ አይፒውን ላድስ ብል እሱም 169.254 ሆነ። አንዱን ሳቀና ሌላው ይጎድላል።

የአዘዞ ቴክኒሻን

ልጄ፣ አይዞሽ፤ አልተበላሸም፣ እንዲያውም ግማሹን ጨርሰሻል። ከዚህ በፊት ሒሳብ ክፍሉ ይሠራ የነበረው በአጋጣሚ ነው። ፖርቱ ቪላን 10 ውስጥ ስለነበር የሒሳብ ክፍሉ መልእክት ያለ ምንም ምልክት ይወጣና ራውተሩ ጊጋቢት 0/0 ላይ እንዲሁ ይቀበለው ነበር። ትራንክ ካደረግሽው በኋላ ግን ስዊቹ በእያንዳንዱ መልእክት ላይ የየትኛው ቪላን እንደሆነ ቁጥር ይለጥፍበታል። 20 የሚል ቁጥር የያዘው 0/0.20ን አገኘ፤ 10 የሚል ቁጥር የያዘው ግን የሚቀበለው አጣ። ቁጥር ሳይለጠፍበት የሚያልፈው ኔቲቭ የሚባለው ቪላን ብቻ ነው፤ እሱም ካልቀየርሽው ቪላን 1 ነው።

ስለዚህ ለ10ም ሰብኢንተርፌስ ያስፈልገዋል። ቅደም ተከተሉን ግን ጠብቂ። መጀመሪያ ጊጋቢት 0/0 ላይ ኖ አይፒ አድሬስ (አድራሻውን አንሳ) በይ። ይህን ሳታደርጊ ያንኑ አድራሻ ለሌላ ብትሰጪ ራውተሩ ኦቨርላፕስ (ይደራረባል) ብሎ ይከለክልሻል። ቀጥለሽ 0/0.10ን ክፈቺና አድራሻውን ከመስጠትሽ በፊት ኢንካፕሱሌሽን ዶት ዋን ኪው 10 (10 የሚል ቁጥር የያዘውን ተቀበል) በይ፤ ገልብጠሽ ብትጽፊው አይቀበልሽም። ከዚያ 192.168.10.1ን ስጪው። ዋናው ጊጋቢት 0/0 አድራሻ ባይኖረውም ኖ ሻትዳውን መሆን አለበት፤ እሱ ከተዘጋ ሁለቱም ይዘጋሉ።

ከቀሃ

ጋሼ በሚገባ አስረድተዋል። እኔ አንድ ነገር ልጨምር፦ ከታች በቀኝ በኩል ሲሙሌሽን የሚለውን ተጫኚና ፒንግ ላኪ። ፖስታዋ ደረጃ በደረጃ ስትሄድ ታያለሽ፤ የምትቆምበት ቦታ ላይ ስትጫኛት ለምን እንደተጣለች ጽፎ ያሳይሻል። ሁለት ሌሊት ከመድከም ያድናል።

ጠያቂዋ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እንዳሉኝ አደረግሁ፣ ሁለቱም ክፍሎች አይፒ አገኙ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ፒንግ ሳደርግ ከሚላኩት 4 መልእክቶች የመጀመሪያው ይጠፋል። ደግሞም ባለቤቷ እንግዳ መቀበያው በሒሳብ ክፍሉ ፕሪንተር እንዲያትም ትፈልጋለች፤ ኮምፒውተሮቹ ውስጥ ግን እንዳይገባ።

የማራኪ ተማሪ

የመጀመሪያው አያሳስብሽ። የተቀባዩ የማክ አድራሻ (የመሣሪያው የራሱ መለያ ቁጥር) በኤአርፒ ተጠይቆ እስኪታወቅ ድረስ ነው የሚጠፋው፤ ደግመሽ ብትልኪ 4ቱም ይመለሳሉ።

ለሁለተኛው፣ ቪላን ለይተሽ ቢሆንም ራውተሩ መልሶ ስላገናኛቸው አክሰስ ሊስት (ማን ወዴት እንደሚያልፍ የሚወስን ዝርዝር) ያስፈልግሻል። አስቀድመሽ ፕሪንተሩን በእጅሽ 192.168.10.5 ስጪው፤ ከ192.168.10.1 እስከ 192.168.10.20 ያሉትንም ዲኤችሲፒው ለሌላ እንዳያድላቸው ኤክስክሉድ አድርጊ። ከዚያ ኤክስቴንድድ ሊስት ጻፊ። በመጀመሪያው መስመር ከ192.168.20.0 ወደ ሆስት 192.168.10.5 ፍቀጂ፤ በሁለተኛው ከ192.168.20.0 ወደ 192.168.10.0 ከልክይ፤ በሦስተኛው ፐርሚት አይፒ ኤኒ ኤኒ (የቀረውን ሁሉ ፍቀድ) በይ። ማስኩ እዚህ ላይ ተገልብጦ 0.0.0.255 ነው የሚጻፈው። 0/0.20 ላይ በኢን (ወደ ራውተሩ በሚገባው) አቅጣጫ እሰሪው። ሊስቱ ከላይ ወደ ታች ስለሚነበብ ክልከላው ከቀደመ ፕሪንተሩም ይዘጋል። ከሒሳብ ክፍል ወደ እንግዳ መቀበያም ፒንግ አይመለስም፤ መልሱ የሚመጣበት መንገድ ስለተዘጋ ነው፣ ስህተት እንዳይመስልሽ።

የአዘዞ ቴክኒሻን

ኮፒ ራኒንግ ኮንፊግ ስታርትአፕ ኮንፊግ ማለትን አትርሺ። ፊዚካል በሚለው ገጽ የራውተሩን ማብሪያ አጥፍተሽ አብሪውና ሁሉም እንደነበረ መመለሱን እይ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቢሮው ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ሳታስቀምጪው ከጠፋ ሥራሽ ሁሉ ይሄዳል። ለራውተሩና ለስዊቹ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) እንዲገዙም ንገሪያቸው።

ሌላው፣ ፓኬት ትሬሰር ግድግዳውን አያውቅም። ቢሮው በጣሊያን ጊዜ ከተሠሩት የፒያሳ ሕንፃዎች አንዱ ከሆነ ግንቡ ወፍራም ነው፤ ዋይፋዩ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በደንብ ላያልፍ ይችላል። ለሁሉም ኮምፒውተር ኬብል አስቢ። አንዱ ኬብል ከስዊች እስከ ኮምፒውተር ከ100 ሜትር አይለፍ፤ ስትለኪም በአየር ሳይሆን በግድግዳው ጥግ ዞረሽ ለኪ።

ጠያቂዋ

ልክ ነዎት ጋሼ፣ ከእነዚያ አንዱ ነው። ሊስቱም ሠራ፦ ፕሪንተሩ ይመልሳል፣ ኮምፒውተሮቹ አይመልሱም። ራውተሩንም አጥፍቼ አብርቼ አየሁት፣ ሁሉም አለ። ቅዳሜ ቢሮው ሲዘጋ ሜትር ይዤ ሄጄ እለካለሁ፤ የኬብሉን ርዝመት ይዤ እመለሳለሁ።