ለተማሪዎች «ተፈላጊ ሙያዎች» የሚል ዝርዝር መስጠት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

አማካሪዋ
ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በሙያ ምርጫ አማክራለሁ። ዘንድሮ በወሬ ሳይሆን በመረጃ ላማክር ብዬ ስለ ሥራ ገበያው ያገኘሁትን ሁሉ ሰብስቤ የአንድ ገጽ ሰንጠረዥ ሠራሁ። የሙያው ስም፣ አማካይ ደመወዙ፣ በ10 ዓመት ውስጥ በስንት በመቶ እንደሚያድግ። ብዙ የሚያድገው ከላይ፣ ትንሽ የሚያድገው ከታች።

ከዚያ አንዲት ተማሪ መጣች። ጎበዝ ናት፤ ጓደኞቿን ስታስጠና ነው የምትውለው፣ ማስረዳት ይሆንላታል። ወረቀቱን ስሰጣት ጣቷን የመጀመሪያው መስመር ላይ አደረገችና «በቃ፣ ይሄን ነው የምሆነው» አለችኝ። ሥራው ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችም። እውነቱን ለመናገር ብትጠይቀኝም የምመልስላት አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ወረቀቱን ማደል ትቻለሁ። ግን ዝም ማለትም ከበደኝ፤ እኔ ካልነገርኳቸው የሚመርጡት ዘመድ ወይም ጓደኛ ያላቸውን ነው። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

ቁጥር አንባቢ
እህቴ፣ መረጃ መስጠትሽ ጥሩ ነው፣ የተሳሳተው አደራደሩ ነው። ዕድገት በመቶኛ ብቻ ሲታይ በጣም ያሳስታል። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እ.ኤ.አ. ከ2022 እስከ 2032 ባለው ትንበያ የነፋስ ተርባይን ቴክኒሻኖችን በ45 በመቶ ዕድገት ከሁሉም በላይ አስቀምጧቸው ነበር። ነገር ግን በሙያው ያሉት ሰዎች ከመነሻውም ጥቂት ናቸው። 45 በመቶው ወደ ሰው ቁጥር ሲመነዘር በ10 ዓመት ወደ 5,000 አዲስ ሥራ ብቻ ነው፣ ያውም በዚያ ሁሉ አገር ውስጥ። በዚያው ትንበያ ላይ አረጋውያንንና ሕሙማንን ቤታቸው ሄደው የሚንከባከቡ ሠራተኞች የሚያድጉት በ22 በመቶ ነው፤ በሰው ቁጥር ግን ወደ 800,000 ይደርሳል። ይሄኛው ደግሞ ክፍያው ዝቅተኛ ነው። አየሽ፣ አንዱን ቁጥር ብቻ ያየ ልጅ በሁለቱም በኩል ይሳሳታል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር፣ ክፍት ቦታ የሚፈጠረው ሙያው ሲያድግ ብቻ አይደለም። ሰው ጡረታ ይወጣል፣ ሙያ ይቀይራል፣ እሱን የሚተካ ሰው ይፈለጋል። «አያድግም» ተብሎ ከታች የወደቀ ትልቅ ሙያ በየዓመቱ ከላይኛው የበለጠ ሰው ሊቀጥር ይችላል። ደመወዙንም አማካዩን ትተሽ መሀል ላይ ያለው ሰው የሚያገኘውን ጻፊላቸው፤ ጥቂት ትልልቅ ደመወዞች አማካዩን ወደ ላይ ይጎትቱታል። ከተገኘ ደግሞ ጀማሪ የሚከፈለውን ጨምሪበት፣ ልጆቹ መጀመሪያ የሚያገኙት እሱን ነውና።

በሰዓቱ ያልደረሰ
እኔ በዚህ ነገር ራሴ ተጎድቻለሁ። ስመዘገብ «በዚህ ሙያ ሰው የለም» እየተባለ ነበር፣ እውነትም አልነበረም። ችግሩ ያንን ወሬ የሰማሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ ሁላችንም አንድ ላይ ገብተን ከዓመታት በኋላ አንድ ላይ ወጣን። ማስታወቂያው ሁሉ «3 ዓመት ልምድ ያለው» ይላል። ልምድ ከየት እናምጣ? አንድ ዓመት ተኩል ያለ ሥራ ተቀምጫለሁ።

ሪቻርድ ፍሪማን የሚባል ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአሜሪካ መሐንዲሶችን አይቶ ይሄንኑ ነው ያሳየው። ደመወዝ ሲጨምር ተማሪ ይጎርፋል፣ ተመርቆ ሲወጣ ገበያው ይሞላል፣ ደመወዙ ይወርዳል፣ ተማሪው ይሸሻል፣ ከዚያ እንደገና እጥረት ይመጣል። ስለዚህ አማካሪዋ፣ ከዛሬው ፍላጎት ጋር «አሁን በሙያው ስንት ሰው እየተማረ ነው?» የሚለውንም ንገሪያቸው። ለእኔ ያንን የነገረኝ አልነበረም።

ቀጣሪ ጎን
ሠራተኛ መቅጠር ነው ሥራዬ። ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ልጆቹ የሚያውቁት የሙያ ብዛት ማነሱ ነው። ፒሳ የሚባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ምዘና እ.ኤ.አ. በ2018 በ41 አገሮች ያሉ የ15 ዓመት ልጆችን ወደፊት ምን ሥራ እንደሚሠሩ ሲጠይቅ ከሴቶቹ 53 በመቶ፣ ከወንዶቹ 47 በመቶ የሚሆኑት የጠቀሷቸው ሥራዎች 10 ብቻ ነበሩ። ሐኪም፣ መምህር፣ የመሳሰሉት። በየቀኑ ሰው የምንፈልግላቸውን ሥራዎች ስማቸውን ሰምተው አያውቁም።

እኔ ብሆን ሰንጠረዡን ትቼ እውነተኛ የሥራ ማስታወቂያዎችን አስነብባቸው ነበር። ለአንድ ሙያ 20 ማስታወቂያ ያንብቡ፣ የሚደጋገመውን ችሎታ ያስምሩበት። ከዚያ በሥራው ላይ ያለ ሰው ፈልገው «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ስትሠራ ዋልክ?» ብለው ይጠይቁ። የዚህ ጥያቄ መልስ የትኛውም ሰንጠረዥ ውስጥ የለም።

ያለ ዘመድ የተማርኩ
ሁላችሁም ትክክል ናችሁ፣ ግን እባክሽ ወረቀቱን አትጣይው። «ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁ» ማለት ሰው ላለው ይቀላል። እኛ ቤት ቢሮ የገባ ሰው አልነበረም። ለእኔ ዓይኔን የከፈተልኝ መምህራችን ግድግዳ ላይ የለጠፉት የደመወዝና የሥልጠና ጊዜ ዝርዝር ነው። የሁለት ዓመት ሥልጠና ወስጄ ደህና ኑሮ መኖር እንደምችል ያወቅኩት ከእሱ ነው። ስህተት ካለበት ይታረም እንጂ ከልጆቹ አይወሰድ።

አማካሪዋ
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሰንጠረዡን እንደገና ሠራሁት። ደረጃው ጠፋ፣ በፊደል ተራ ሆነ። በመቶኛው ቦታ በየዓመቱ የሚከፈተው የሥራ ቦታ ብዛት ገባ፣ የጀማሪ ደመወዝና የሥልጠናው ርዝመትም ተጨመረ። በሙያው ስንት ሰው እየተማረ እንደሆነ ገና እየሰበሰብኩ ነው።

ያቺን ልጅ ትናንት መልሼ ጠራኋት። አብረን ማስታወቂያ ስናነብ ቆየንና አዳዲስ ሠራተኞችን ስለሚያሠለጥን ሰው የሚናገር አንድ ማስታወቂያ ላይ ቆመች። ሁለቴ አነበበችው። «ቲቸር፣ ይሄን ሥራ የሚሠራ ሰው ያውቃሉ?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። ዛሬ ስጠያይቅ ውዬ አንዲት ሴት አገኘሁ፤ ሰኞ ከሰዓት ልታናግራት ፈቃደኛ ሆናለች።