ዝናብ የሚችል ሌንስ ጠቁሙኝ (ባህር ዳር)

ደንገል፦ ሰላም ለሁላችሁ። ነሐሴ ላይ ጢስ ዓባይ ወርጄ ፏፏቴውን ሞልቶ ሳለ ማንሳት አስቤያለሁ። ከዚያ ደግሞ ጣና ላይ ታንኳ ቀዛፊዎቹን፣ ዝናቡ እየወረደ። ካሜራዬ ካኖን 6ዲ ነው። ያለኝ ሌንስ 50 ሚሊ ሜትር 1.8 ነው፤ ለዝናብ አይሆንም። አክስቴ ከዱባይ ልትመጣ ስለሆነ አንድ ሌንስ ላስመጣ ነው። 24-105 ኤፍ 4 ኤል (ራቅ ያለውንም የሚያቀርበው) ይሻላል ወይስ 16-35 ኤፍ 4 ኤል (ሰፊ ቦታ የሚይዘው)? እባካችሁ ዝናብ ላይ የሞከራችሁ ብቻ መልሱልኝ።

ሙሽራና ሚዜ፦ ሞክሬዋለሁ። 24-105 ያዢ። ከካሜራው ጋር በሚገጥምበት ብረት ዙሪያ ቀጭን ጎማ አለው፤ ውኃ በዚያ እንዳይሰርግ የሚይዘው እሱ ነው። 16-35ም ጎማው አለው፤ ግን ከፊት ፊልተር የሚባለው ስስ መስታወት ካልታሰረለት መከላከሉ ሙሉ አይሆንም። ሁለቱም የሚወስዱት 77 ሚሊ ሜትር ፊልተር ስለሆነ የትኛውንም ብትገዢ አብራ ታምጣልሽ። የ24-105 ችግሩ ዙም ስታደርጊ አንገቱ ይወጣል። ረጥቦ ሲመለስ ጠብታ ይዞ ይገባል። ዝናብ ላይ አንድ ቦታ አድርጊውና አትነካኪው።

ዓባይ ማዶ፦ ካኖኑን ሽጪና ኒኮን ግዢ። አለቀ።

ሙሽራና ሚዜ፦ የጠየቀችው ሌንስ ነው ወንድሜ።

ዓባይ ማዶ፦ በኒኮን 8 ክረምት አሳልፌያለሁ። አንድ ቀን አላስነጠሰውም።

የተቃጠለው፦ እህቴ፣ ጢስ ዓባይ ላይ ዝናቡን ተይው፣ ጢሱ ነው የሚጨርስሽ። ስሙ ለጌጥ አልወጣለትም። አምና ፊት ለፊቱ ቆሜ 20 ደቂቃ ሳልቆይ ሌንሱን ከውስጥ ላብ አላበው። እሺ፣ ይሄ የራሴ ጥፋት ነው። ጉዱ የመጣው ጥገና ስሰጠው ነው። «ለሳምንት» አሉኝ። ሁለት ወር ቆየ። ስወስደው ፎከሱ አይዞርም። መስታወቱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ አለ። ሁለት ብሎን ደግሞ በወረቀት ጠቅልለው «እነዚህ ተርፈዋል» ብለው ሰጡኝ።

ጀበና፦ ተርፈዋል!!

ጎርጎራ፦ የት ነው? እዚሁ ነው አዲስ አበባ? ፍንጭ ስጠን።

የተቃጠለው፦ ስም አልጠራም። ሂሳቡን ግን ሳያጎድሉ ተቀብለዋል።

ጀበና፦ ከነብሎኑ ነዋ።

ሰፈርተኛ፦ የኛ ሰፈር ሰውዬ ጋ ብትወስደው ይሄ ሁሉ አይደርስብህም ነበር። እጁ ወርቅ ነው። 10 ዓመት ደንበኛው ነኝ።

ጀበና፦ ስንት ሌንስ ሠራልህ?

ሰፈርተኛ፦ ሌንስ እንኳ የለኝም። ጉርድ ፎቶ ነው የምነሳው። ሰውየው ግን ታማኝ ነው።

ጎርጎራ፦ ስለ ጢስ ዓባይ ከተነሳ፣ በበጋ ሄዳችሁ ቀጭን ውኃ አይታችሁ አትዘኑ። ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫ ይጠለፋል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ጣና በለስ ሲመረቅ ከሐይቁ በዋሻ ወደዚያ መሄድ ጀመረ፤ ማመንጫው 460 ሜጋ ዋት ነው። ነሐሴና መስከረም ነው ደህናው።

ጀበና፦ ደንገል፣ ሌንስ ጠይቀሽ ብሎን፣ ጉርድ ፎቶና የመብራት ታሪክ አገኘሽ። ይመችሽ።

የጀልባ ልጅ፦ እኔ ሌንስ አላውቅም፤ ጀልባ ነው የምነዳው። ያየሁትን ልንገርሽ። ታንኳ ማንሳት ከፈለግሽ በጠዋት ነይ። ከሰዓት ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ካሜራሽን ከጎን ያጥበዋል፤ ይሄን የሚመክት ጎማ አላየሁም። ወፍራም ፌስታል ያዢ። ቂጡን ለሌንሱ ልክ ቅደጂና በላስቲክ እሰሪው፤ በአፉ በኩል እጅሽን ታስገቢያለሽ። ፈረንጆቹም መጨረሻ ላይ እሱኑ ነው የሚለምኑኝ።

ሙሽራና ሚዜ፦ ልክ ነው። የሌንሱን ኮፍያም አትርሺ፤ ጠብታ መስታወቱ ላይ እንዳያርፍ ከእሱ የተሻለ የለም። «ዌዘር ሲልድ» (ዝናብና አቧራ እንዳይገባው የታሸገ) ማለት ውኃ ውስጥ ይነከራል ማለት አይደለም። ካኖን አቧራና እርጥበት ይቋቋማል ይላል እንጂ ይሄን ያህል ውኃ ይችላል ብሎ ቁጥር አይሰጥም። ቁጥር ያለው ከፈለግሽ ኦኤም ሲስተም የሚባለው ሌላ ኩባንያ 12-40 ሌንስ፣ ሁለተኛው፣ አይፒ 53 (አቧራና ውኃ የመቋቋም ደረጃ ነው) ተብሏል፤ ግን ካሜራሽ ላይ አይገጥምም። ከረጠበብሽ አጥፊው፣ ባትሪውን አውጪ፣ በደረቅ ጨርቅ ጠርገሽ ክፍት ቦታ አስቀምጪው። ሩዝ ውስጥ አትቅበሪው፣ ዱቄቱ ይገባል። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን ትንሽ ከረጢት ሰብስቢ፤ ቦርሳ ውስጥ ሻጋታ የሚከላከለው እሱ ነው።

ዓባይ ማዶ፦ ኒኮን ቢሆን ይሄ ሁሉ አያስፈልግም።

ደንገል፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፌስታሉን ዛሬ በረንዳ ላይ ሞከርኩት፣ ይሠራል። አክስቴ ግን «ከባዱን ነው ቀላሉን?» እያለችኝ ነው።

ጎርጎራ፦ እና የትኛውን አልሻት?

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። ሌንስ ጥገና ከሰጠሁ 3 ሳምንት ሆነኝ። «ለሳምንት» ነበር ያሉኝ። የተቃጠለው፣ እባክህ የዚያን ቤት ስም በውስጥ ላክልኝ።