ሰዎቹ ወጥተዋል፣ ተርሚናሉ ግን አልተለቀቀም፤ ሰርቨሩ በየሦስት ቀኑ ይዘጋብኛል

የፒያሳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ የመድኃኒት ጅምላ አከፋፋይ ቢሮ ውስጥ ሰርቨር እጠብቃለሁ። ኡቡንቱ 22.04 ነው፣ ሚሞሪው 32 ጊጋ። ከአዘዞ፣ ከደባርቅና ከአይከል ያሉ ሠራተኞች በፑቲ፣ ማለትም ከሩቅ ሰርቨር ውስጥ በሚያስገባው የኤስኤስኤች ፕሮግራም፣ ይገቡና አንድ አሮጌ የስቶክ ፕሮግራም ይጠቀማሉ፣ ያ በጥቁር ስክሪን ላይ በኪቦርድ ብቻ የሚሠራው ዓይነት። ቢበዛ ሠላሳ ሰው ቢሆን ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ በየሦስት ቀኑ ገደማ ፑቲ "ሰርቨሩ ፒቲዋይ አልሰጥም አለ" የሚል ነገር ያወጣል፤ ፒቲዋይ ለሚገባ ሰው ወይም ፕሮግራም የሚሰጠው ምናባዊ ተርሚናል ነው። የይለፍ ቃሉን ይቀበላል፣ ከዚያ ግን ባዶ ጥቁር መስኮት። ሪስታርት ሳደርገው ይስተካከላል። ደግሞ ከሦስት ቀን በኋላ እዚያው ነን። "ሁ" (የገቡትን ሰዎች ዝርዝር የሚያሳየው ኮማንድ) ብዬ ስጠይቀው ወደ ቤታቸው ከሄዱ የቆዩ ሰዎች ስም አሁንም ተደርድሯል። እኛ ጋ መብራት ቶሎ ቶሎ ይሄዳል፣ ስለዚህ ሰዎቹ ሎግአውት ሳይሉ ኮምፒውተሩ ድርግም ይልባቸዋል። የጠረጠርኩት ይሄንኑ ነው። ጥምቀት እየደረሰ ነው፣ ያን ሰሞን ከተማው በእንግዳ ሞልቶ ትእዛዝ ሲጎርፍ ሰርቨር እያጠፋሁ ማብራት አልፈልግም። ምን ላድርግ? ከስልክ ስለምጽፍ ኮማንዱንም በአማርኛ ፊደል ነው የማስቀምጠው፣ እናንተም እንዲሁ ጻፉልኝ፣ ይገባኛል።

ፈጣኑ፦
ቀላል ነው። የከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) የፒቲዋይ ጣሪያ ከ4096 ወደ 20000 አሳድጊው። በሲስሲቲኤል፣ "ከርነል ነጥብ ፒቲዋይ ነጥብ ማክስ" የሚለው። አለቀ።

የማራኪ ልጅ፦
ኧረ አላለቀም። ጣሪያውን ብታነሺው መዘጋቱ ከሦስት ቀን ወደ ሁለት ሳምንት ይራዘማል እንጂ አይቀርም። ያውም ሚሞሪው ቀድሞ ካላለቀ።

እህቴ፣ እስቲ አስሊው። ሠላሳ ሰው እንዴት አድርጎ ነው 4096 ተርሚናል የሚጨርሰው? መብራት በቀን አሥር ጊዜ ቢሄድና ሠላሳውም ሁሌ ተርሚናሉን ጥሎ ቢጠፋ 300 ነው። በሦስት ቀን 900። ያውም የሚለቃቸው ባይኖር ነው። ሊነክስ ግን ራሱ ይለቃቸዋል፣ ዘግይቶም ቢሆን። መብራት ሲሄድ የሠራተኛው ኮምፒውተር "ዘግቻለሁ" የሚል ፓኬት ሳይልክ ስለሚጠፋ ሰርቨሩ ሰውየው ዝም ብሎ የተቀመጠ ይመስለዋል። የቲሲፒ ኪፕአላይቭ 7200 ሰከንድ ይጠብቅና በየ75 ሰከንዱ 9 ጊዜ "አለህ ወይ?" ይላል። መልስ ሲያጣ ነው ኮኔክሽኑን የሚቆርጠው። በጠቅላላ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ አካባቢ። በዚያን ጊዜ ኤስኤስኤችዲ (ሎጊኑን በሰርቨሩ በኩል የያዘው ፕሮግራም) ይዘጋል፣ ሼሉ (ትእዛዝ ተቀባዩ) "መስመሩ ተቋርጧል" የሚለው የሃንግአፕ ሲግናል ይደርሰዋል፣ ተርሚናሉ ይለቀቃል። ስለዚህ መብራቱ በ"ሁ" ላይ የምታያቸውን ስሞች ሊያስረዳ ይችላል። ሰርቨሩ ለምን እንደሚዘጋ ግን አያስረዳም።

እኔን የገረመኝ ሦስት ቀን ማለትሽ ነው። በቀን ውስጥ 1440 ደቂቃ አለ። በየደቂቃው አንድ ተርሚናል ወስዶ የማይመልስ ነገር ካለ በሁለት ቀን ከሃያ ሰዓት ገደማ 4096 ይሞላል። ክሮን ላይ፣ ፕሮግራሞችን በሰዓታቸው በሚያስነሳው፣ በየደቂቃው የሚነሳ ነገር አለሽ?

ሪስታርት ከማድረግሽ በፊት እነዚህን እዪ። መጀመሪያ፣ በፕሮክ ሲስ ከርነል ፒቲዋይ ማህደር ውስጥ "ኤንአር" የሚባለውን ፋይል በካት ክፈቺው፣ አሁን የተያዙትን ብዛት ይነግርሻል። ቀጥሎ በሩት (በአስተዳዳሪው አካውንት) ሆነሽ ኤልኤስኦኤፍን፣ ፋይል የያዘውን ፕሮግራም የሚያሳየውን ኮማንድ፣ በዴቭ ፒቲኤምኤክስ ላይ ጠይቂ። ተርሚናሉን ከላይኛው ጫፍ የያዘው ማን እንደሆነ የሚታየው እዚያ ነው። ኤስኤስኤችዲ ከሆነ የሰው ሎጊን ነው። ሌላ ስም ከወጣ ደግሞ ሌባው ተያዘ ማለት ነው።

ከሞላ በኋላ በምን ልግባ ካልሽ፣ የሰርቨሩ የራሱ ስክሪንና ኪቦርድ ከዚህ ቁጥር ውጭ ስለሆነ ኮንትሮል፣ አልት፣ ኤፍ2 ብለሽ መግባት ትችያለሽ። ከሩቅ ከሆንሽ ኤስኤስኤች በዳሽ ትልቁ ቲ፣ ያለ ተርሚናል ያስገባሻል። ፕሮምፕት አይታይሽም፣ ኮማንዱ ግን ይሠራል።

የፒያሳዋ፦
ከራሱ ስክሪን ገብቼ አየሁት። ኤንአር ከሁለት ሺህ በላይ ነው፣ እያየሁትም ይጨምራል። ኤልኤስኦኤፍ ላይ ኤስኤስኤችዲ ጥቂት ብቻ ነው፣ የቀረው ሁሉ "ኤክስፔክት" ይላል፣ በሰው ፈንታ ለጥያቄ መልስ የሚጽፈው ፕሮግራም። ክሮኑን ስከፍተው ከኔ በፊት የነበረው ልጅ በየደቂቃው የቅርንጫፎቹ ራውተሮች ውስጥ እየገባ መስመር መኖሩን የሚያይ ስክሪፕት አስቀምጧል። በእያንዳንዱ ኤክስፔክት ሥር አንድ ኤስኤስኤች ተሰቅሏል፣ ሁሉም ወደ አይከል የሚሄድ። የአይከሉ ራውተር በቅርቡ ተቀይሯል፣ አይፒውም አዲስ ነው። ግን ራውተሩ ይሠራል እኮ! ለምን ይሰቀላል?

የማራኪ ልጅ፦
በቃ ተገኘ። ስክሪፕቱን ክፈቺና "ታይምአውት" የሚለውን መስመር እዪ፣ ኔጌቲቭ 1 እንደሚል እወራረዳለሁ። ያ ማለት ለዘላለም ጠብቅ ነው። ምንም ባይጻፍ ኖሮ ኤክስፔክት በነባሪ 10 ሰከንድ ብቻ ነበር የሚጠብቀው።

የሆነው እንዲህ ነው። አይፒው አዲስ ስለሆነ ኤስኤስኤች "ይህን ማሽን አላውቀውም፣ ልቀጥል?" ብሎ የስ ወይም ኖ ይጠይቃል። ስክሪፕቱ ደግሞ የሚጠብቀው "ፓስወርድ" የሚለውን ቃል ብቻ ነው። አንዱ መልስ ይጠብቃል፣ ሌላው ጥያቄ ይጠብቃል። ወዲያ ማዶ ያለው ራውተር ሰልችቶት ቢዘጋው እንኳ ኤስኤስኤቹ ዓይኑን የተከለው የስ የሚለውን መልስ ላይ ስለሆነ አያየውም። በየደቂቃው አንድ እንዲህ ያለ ጥንድ ይጨመራል። 32 ጊጋ ባይኖርሽ ኖሮ ገና ድሮ ትንፋሽ ያጥረው ነበር።

መጀመሪያ የክሮኑን መስመር ዝጊው። ከዚያ በፒኪል ኤክስፔክቶቹን ብቻ ግደያቸው። ሲሞቱ ተርሚናሉም ይለቀቃል፣ ሥሩ ያለው ኤስኤስኤችም ተከትሎ ይሄዳል። ሪስታርት የሚባል ነገር አያስፈልግም። አደራ፣ ኤስኤስኤችዲን በፒኪል እንዳትነኪ፣ የሁሉንም ሎጊን ትቆርጫለሽ፣ የራስሽንም ጭምር።

ስክሪፕቱን ደግሞ እንደገና ጻፊው። ኤክስፔክት ይቅር፣ በይለፍ ቃል ፈንታ በኤስኤስኤች ቁልፍ ፋይል ግቢ፣ "ባችሞድ" የስ፣ "ኮኔክትታይምአውት" 10 አድርጊ። ባችሞድ ካለ ኤስኤስኤች ጥያቄ ሲገጥመው ቆሞ አይጠብቅም፣ ስህተት ብሎ ይወጣል። መስመሩን በኤፍሎክ ዳሽ ኤን ጠቅልዪው፣ የፊተኛው ሳያልቅ ሁለተኛው አይነሳም። የአይከሉን ራውተር የጣት አሻራ (የመለያ ቁልፉን አጭር ኮድ) አንድ ጊዜ ራስሽ አረጋግጠሽ ተቀበዪው፣ ቁጥጥሩን በሙሉ ማጥፋት ግን ስንፍና ነው።

ፈጣኑ፦
የ"ሁ" ስሞችስ? "ቲኤምአውት" የሚለውን ብታስገባ ዝም ያለውን ሁሉ ያስወጣው የለ?

ጋሽ ዩኒክስ፦
ልጄ፣ ቲኤምአውት የሚቆጥረው ባሽ (ሼሉ) ራሱ ፕሮምፕት ላይ ቆሞ ትእዛዝ ሲጠብቅ ብቻ ነው። የነሱ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ስቶክ ፕሮግራሙ ውስጥ ናቸው፣ ስለዚህ አንዱንም አይነካም።

ድሮ በሶላሪስ (አንድ የዩኒክስ ዓይነት) ተርሚናል ሲያልቅ ኢቲሲ ሲስተም ፋይል ውስጥ ቁጥር ጨምረን ማሽኑን ማስነሳት ነበረብን፣ ከሶላሪስ 8 ጀምሮ ነው ራሱ ማሳደግ የጀመረው። ያኔም ቢሆን ቁጥር መጨመሩ የጠፋውን ተርሚናል አይመልስም ነበር።

ለሞቱት ሎጊኖች ኤስኤስኤችዲ ኮንፊግ ውስጥ "ክላየንትአላይቭኢንተርቫል" የሚለውን 60 አድርጊ፣ "ክላየንትአላይቭካውንትማክስ" የሚለውን 5። በነባሪው የፊተኛው 0 ነው፣ ማለትም ጨርሶ አይጠይቅም። ከዚህ በኋላ መልስ የማይሰጥ ሰው በ5 ደቂቃ ገደማ ይቆረጣል፣ ሁለት ሰዓት አይጠበቅም። ከዚህ አታሳጥሪው። የደባርቅ መስመር ለአፍታ ጠፍቶ ሲመለስ ግማሽ ደረሰኝ ያስገባ ሰው ይባረርብሻል፣ ስድቡን የምትሰሚው ደግሞ አንቺ ነሽ። ከመጫንሽ በፊት ኤስኤስኤችዲ ዳሽ ቲ ብለሽ ስህተት እንደሌለው እዪ፣ ከዚያ ሪሎድ ብቻ። አሁን ያሉት ሎጊኖች በድሮው ሕግ ይቀጥላሉ፣ አዲሶቹ ናቸው አዲሱን የሚያዩት።

አንድ የሚቀርሽ ነገር አለ። ያ ስቶክ ፕሮግራም የሃንግአፕ ሲግናልን ቸል የሚል ከሆነ ኤስኤስኤችዲ ሄዶም እሱ ተርሚናሉን እንደያዘ ይቀራል። አሮጌ ፕሮግራሞች ይሄ አመል አለባቸው። አንድ ኮምፒውተር ላይ ግቢ፣ ፕሮግራሙን ክፈቺ፣ የኔትወርክ ኬብሉን ንቀዪ፣ ስድስት ሰባት ደቂቃ ቆይተሽ ፒኤስ (እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞች ዝርዝር) ላይ መኖር አለመኖሩን እዪ።

የፒያሳዋ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ የማራኪውም ልጅ ተባረክ። ታይምአውቱ እንዳልከው ኔጌቲቭ 1 ነው። ኤክስፔክቶቹን ስገድላቸው ኤንአር ወዲያው ወደ ሃያዎቹ ወረደ፣ ከሠራተኛ አንድም ሰው አልተቆረጠም። ኬብሉንም ነቅዬ ሞከርኩ፣ ኤስኤስኤችዲውም ሼሉም ፕሮግራሙም አብረው ሄደዋል። የቀረኝ አንድ የአዘዞ ሰው ስም ነው፣ "ሁ" ላይ ይታያል፣ ፒኤስ ላይ ግን ምንም ፕሮሰስ የለውም።

የማራኪ ልጅ፦
"ሁ" የሚያነበው ዩቲኤምፒ የሚባለውን የመዝገብ ፋይል ነው፣ የትኛው ተርሚናል እንደተያዘ ከርነሉን አይጠይቅም። ሎጊኑ በድንገት ሲሞት አንዳንዴ መዝገቡ ሳይሰረዝ ይቀራል። ተርሚናል አልያዘም፣ ያ ቁጥር ለሌላ ሰው ሲሰጥ ይጻፍበታል። ተዪው።