በሃውተን ቤት ልንገዛ ነው፤ ቅዳሜ ከማየታችን በፊት ምን እንወቅ?

የሁለት ልጆች እናት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኔዘርላንድ፣ ሮተርዳም ውስጥ በኪራይ ቤት ስንኖር 9 ዓመት ሊሞላን ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን፤ መኝታ ቤቱ ሁለት ብቻ ነው። ልጆቻችን 4 እና 7 ዓመታቸው ነው። በቅርቡ ሃውተን ውስጥ፣ ኡትሬክት አጠገብ ማለት ነው፣ አንድ ቤት ፉንዳ በሚባለው የቤት ሽያጭ ድረ ገጽ ላይ አየን። በ1981 የተሠራ ነው። በሁለቱም ጎን ከጎረቤት ጋር የተያያዘ፣ ከኋላው ትንሽ ጓሮና ዕቃ ቤት ያለው። ዋጋው 439,000 ዩሮ «ኮስተን ኮፐር» ይላል፤ የኢነርጂ ደረጃው ሲ ነው። ሰፈሩን እሁድ ዕለት በእግር ዞርነው። ልጆች ብቻቸውን በሳይክል ሲሄዱ አይቼ ልቤ እዚያው ቀረ።

ባለቤቴ 38 ዓመቱ ነው፤ መጋዘን ውስጥ በቋሚ ኮንትራት ይሠራል። እኔ 33 ነኝ፤ አረጋውያንን እንከባከባለሁ፣ ኮንትራቴ ግን ጊዜያዊ ነው። በእጃችን 31,000 ዩሮ አለ። ከዚያ ውስጥ 14,000ው ባለፈው ወር የወጣልን እቁብ ነው፤ ግማሹን በጥሬ ገንዘብ ነው የተቀበልነው። ገንዘቡ ይበቃል? ኮንትራቴስ እንቅፋት ይሆናል? ቅዳሜ ስንሄድ ምን ምን እንይ? እዚህ አገር ቤት የገዛ ዘመድ የለንም፤ እባካችሁ ምከሩን።

ከአልሜሬ

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ከገንዘቡ ልጀምር። «ኮስተን ኮፐር» ማለት የዝውውር ግብሩና የኖታሪሱ (የውል አጽዳቂው) ወጪ በገዢው ላይ ነው ማለት ነው። ባንኩ ደግሞ ከቤቱ ግምት 100 በመቶ በላይ አያበድርም። ስለዚህ ይህ ሁሉ ከቁጠባችሁ ነው የሚወጣው።

የዝውውር ግብሩ ለሚኖርበት ሰው 2 በመቶ ነው። ግን ያንቺ ዕድሜ እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል። ዕድሜው ከ35 በታች የሆነ ገዢ አንድ ጊዜ ከዚህ ግብር ነጻ ይሆናል። የቤቱ ዋጋ ግን ከተወሰነ ጣሪያ መብለጥ የለበትም፤ በፈረንጆቹ 2025 ጣሪያው 525,000 ዩሮ ነበር። ቤቱን እኩል በእኩል ከገዛችሁ ያንቺ ግማሽ ነጻ ነው፤ ባለቤትሽ በራሱ ግማሽ ላይ ብቻ ይከፍላል። ለምሳሌ በ445,000 ብትገዙ 8,900 የነበረው 4,450 ይሆናል። ኖታሪሱ ዘንድ የምትፈርሚው ቅጽ አለ፤ አስቀድመሽ አስታውሺው።

ከዚያ የሂፖቴክ (የቤት ብድር) አማካሪው አለ፣ ኖታሪሱ፣ ገማቹ፣ የቤት ምርመራው፣ የኤንኤችጂ (የቤት ብድር ዋስትና) ክፍያው። እኛ ያወጣነውን ይዤ ሳሰላው ለእናንተ በድምሩ 12,000 ዩሮ አካባቢ ይመጣል። 31,000 ይበቃችኋል፤ ግን ሁሉንም ዋጋ መጨመሪያ ላይ እንዳታውሉት። ለወለልና ለቀለም እንኳ ብዙ ይሄዳል። የአማካሪውንና ለብድሩ የተሠራውን የግምት ወጪ በሚቀጥለው ዓመት የግብር ማስታወቂያችሁ ላይ ማስቀነስ ስለሚቻል ደረሰኝ አትጣሉ።

እቁብተኛዋ

እኔ ስለ እቁቡ ብቻ ልናገር፤ በዚህ ነገር እንቅልፍ አጥቼበታለሁና። የዛሬ ሦስት ዓመት እኛም የእቁብ 9,000 ዩሮ ነበረን። በጥሬው ተቀብለን በሁለት ቀን ባንክ አስገባነው። ከዚያ «ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?» የሚል ደብዳቤ ደረሰን። ኖታሪሱም ያንኑ ጠየቀ። ባንኩም ኖታሪሱም በሕግ ይህን የመጠየቅ ግዴታ አለባቸው፤ እኛን ብቻ ለይተው አይደለም። ግን እቁብ ምን እንደሆነ ለሰው ማስረዳት አድካሚ ነው፤ ቤቱ በእጃችን ሊያመልጥ ነበር።

እኛን ያወጣን ይሄ ነው። የእቁባችን ሰብሳቢ አንድ ገጽ ወረቀት ጻፈችልን። አባላቱ ስንት እንደሆኑ፣ በወር ስንት እንደሚጣል፣ መቼ እንደተጀመረና ዕጣው መቼ ለእኛ እንደወጣ። ፈረመችበት። እኛ ደግሞ በየወሩ ከደመወዛችን ያወጣነውን የሚያሳይ የባንክ መግለጫ አያያዝን። ገንዘቡ የራሳችን ቁጠባ መሆኑ ሲታይ ጥያቄው ቆመ።

እና እህቴ፣ ጥሬውን ገንዘብ ከፋፍለሽ ትንሽ ትንሽ አታስገቢ፤ የባሰ ያጠራጥራል። ስጦታ ነው ብለሽም አታስመዝግቢ። ለሂፖቴክ አማካሪው በመጀመሪያው ቀን እውነቱን ንገሪው። ኖታሪሱ ዘንድ ጥሬ ገንዘብ ይዞ መሄድ የሚታሰብ አይደለም፤ ሁሉም በባንክ ነው የሚተላለፈው።

ከዴን ሃግ

ኮንትራቱን በተመለከተ አጭር ነው። አሠሪሽ «ኢንቴንሲፈርክላሪንግ» ይጻፍልሽ። ሥራሽ ባለበት ከቀጠለ ቋሚ ኮንትራት ሊሰጥሽ እንዳሰበ የሚገልጽ ነው። እሱ ካለ ባንኩ ገቢሽን እንደ ቋሚ ይቆጥረዋል። ከሌለ የሦስት ዓመት ገቢሽን አማካይ ነው የሚወስዱት። ነገውኑ አለቃሽን ጠይቂ።

የመኪና ብድር ወይም በየወሩ የምትከፍሉት ዕቃ ካለም አስቡበት፤ የምታገኙትን ብድር ይቀንሰዋል። ከዱኦ የተማሪ ብድር ካላችሁ ደግሞ አትደብቁ።

ቤት ጠጋኙ

ሥራዬ እድሳት ነው፤ በዚያ ዘመን የተሠሩ ቤቶችን ብዙ አውቃለሁ። ቅዳሜ ስትሄዱ ስለ ግድግዳው ቀለም አትጨነቁ። እኔ ብሆን መጀመሪያ ከወለሉ ስር ነው የማየው። የፊት በሩ አጠገብ፣ ምንጣፉ ስር አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ መክፈቻ አለ። ከ1965 እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ክሎራይድ የተቀላቀለበት የኮንክሪት ወለል ይሠራ ነበር፤ «ክዋይታል» ይሉታል። ውስጡ ያለው ብረት ይዝግና ኮንክሪቱ ከታች ይፈረፈራል። ቤቱ ልክ በዚያ ዘመን ስለተሠራ ይህን ጥያቄ ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁት። እርጥበትና ውኃ መኖሩንም እዩ።

ሁለተኛ፣ አስቤስቶስ፤ ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ የግንባታ ዕቃ ነው። እዚህ አገር የተከለከለው በ1993 ነው፤ የእናንተ ቤት ከዚያ በፊት ነው። የጓሮው ዕቃ ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ የሚመስል ግራጫ ሰሌዳ ከሆነ ጠርጥሩ። ብቻችሁን አትንኩት። ማስነሳቱ ወጪ ስላለው ዋጋ ስታቀርቡ አስቡበት።

የማሞቂያው ቦይለር ላይ የተሠራበት ዓመት ተጽፏል፤ ከ15 ዓመት በላይ ከሆነ መቀየሪያ ገንዘብ ያዙ። ጣሪያው ስር ወጥታችሁ በእንጨቱ ላይ የውኃ ምልክት ፈልጉ። መስኮቱ ድርብ መስታወት መሆኑን፣ የኤሌክትሪክ ሳጥኑም ስንት መስመር እንዳለው እዩ።

ይህን ሁሉ ካያችሁም በኋላ ምርመራውን በባለሙያ አሠሩ። ከ400 እስከ 600 ዩሮ ገደማ ነው። ውሉ ላይም «በምርመራው ከዚህ መጠን በላይ ጉዳት ከተገኘ ልንተወው እንችላለን» የሚል አንቀጽ ይግባ።

ሌላ ትንሽ ነገር። ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በእያንዳንዱ ፎቅ ላይ የጭስ ጠቋሚ ግዴታ ነው። ወጥ ቤቱ ከሳሎን ጋር ክፍት ከሆነ ጠቋሚውን ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉ፤ አለዚያ ቡና በተቆላ ቁጥር ይጮኻል። ወጥ ቤት ውስጥ ሙቀት የሚለየውን ዓይነት መጠቀም ይቻላል።

የሁለት ልጆች እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምን ያህል እንደረዳችሁኝ ልነግራችሁ አልችልም። አንድ የቀረኝ ዋጋው ነው። ሰው ሁሉ ከተጠየቀው በላይ ያቀርባል ይሉናል። እኛ ስንት እንጨምር? የራሳችን ማከላር፣ ማለትም የቤት ደላላስ ያስፈልገናል?

ከአልሜሬ

የኤንኤችጂን ጣሪያ አትለፉ። በ2025 ጣሪያው 450,000 ዩሮ ነበር። ኤንኤችጂ ካላችሁ ወለዱ ዝቅ ይላል። ሥራ ቢጠፋ፣ ትዳር ቢፈርስ ወይም አንዳችሁ ብትሞቱ ቤቱ በኪሳራ ሲሸጥ የቀረውን ዕዳ በቅድመ ሁኔታ ይሸፍናል። ክፍያው ከብድሩ 0.4 በመቶ ነው። ልጅ ላለው ቤተሰብ ይህን ዋስትና በጥቂት ሺህ ዩሮ ፉክክር ማጣት ልክ አይመስለኝም።

ሌላው፣ ገማቹ ካቀረባችሁት ዋጋ በታች ከገመተ ልዩነቱን ባንክ አይሰጥም። 449,000 አቅርባችሁ 440,000 ቢገመት 9,000ው ከኪሳችሁ ነው። ማከላር ለመቅጠር እኛ አልከፈልንም፤ ራሳችን ጨረስነው።

እቁብተኛዋ

በዚህ ላይ አልስማማም። ማስታወቂያ ያወጣው ማከላር የሻጩ ነው፤ ለሻጩ ነው የሚሠራው። ደችኛችሁ ውል ለማንበብ የማያስተማምን ከሆነ የራሳችሁን ያዙ። ለእኛ የጎረቤት ቤቶች በስንት እንደተሸጡ አውጥቶ አሳይቶናል፤ ዋጋውን የወሰንነው በዚያ ነው።

ያለ ፋይናንስ ቅድመ ሁኔታ (ብድሩ ካልተገኘ ከውሉ መውጫ አንቀጽ) ዋጋ አቅርቡ የሚላችሁን ግን አትስሙ። ብድሩ ቢከለከል ከዋጋው 10 በመቶ ቅጣት ልትከፍሉ ትችላላችሁ፤ 45,000 ዩሮ አካባቢ ነው። ውሉን ከፈረማችሁና ቅጂው ከደረሳችሁ በኋላ ያለ ምክንያት ሐሳብ መቀየሪያ ሦስት ቀን አላችሁ። በእነዚያ ቀናት ውሉን ደግማችሁ አንብቡት። ኖታሪሱ ዘንድም ቋንቋው ከከበዳችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ያልገባችሁን እንድትፈርሙ አያደርግም።

የሃውተን ነዋሪ

እዚሁ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ስለ ኑሮው ልንገርሽ። ሃውተን ለሳይክል የተሠራች ከተማ ናት። ልጆችሽ ትምህርት ቤትና ባቡር ጣቢያ ድረስ መኪና መንገድ ብዙም ሳያቋርጡ ይሄዳሉ። በመኪና ግን ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ለመሄድ ወጥቶ ከተማዋን በሚዞረው መንገድ መዞር ግድ ነው። ባለቤትሽ በሌሊት ፈረቃ ከሆነ የሚሠራው ያንን መንገድ አንድ ቀን ይሞክረው። ኡትሬክት በባቡር 10 ደቂቃ ገደማ ነው።

ጸጥታው እውነት ነው፤ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ የሰው ድምፅ አትሰሚም። መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር። ልደት ወይም ለቅሶ ሲኖር 40 ሰው ይመጣል፤ ማቆሚያው ጠባብ ነው፣ ግድግዳውም የጋራ ነው። እኔ ሁልጊዜ አስቀድሜ ለግራና ለቀኝ ጎረቤት እነግራለሁ። ከገባን በሁለተኛው ሳምንት ቡና አፍልቼ ጠራኋቸው፤ አሁን ቁልፋችን እነሱ ዘንድ ነው ያለው። ከቅዳሜ ሌላ በሥራ ቀን ማታ አንድ ጊዜ መጥታችሁ እዩት። ከፈለግሽ መንገድ አሳይሻለሁ።

የሁለት ልጆች እናት

ማክሰኞ ማታ በባቡር እንመጣለን፤ በውስጥ መስመር እጽፍልሻለሁ። የእቁባችን ሰብሳቢ ወረቀቱን ዛሬ ማታ ልትጽፍልኝ ተስማምታለች። አለቃዬንም ጠይቄያለሁ፤ ለሰው ኃይል ክፍል አስተላልፋለች። ባለቤቴ ቅዳሜ ባትሪ ይዞ ከወለሉ ስር ሊያይ ነው። ያየነውን እሁድ እጽፍላችኋለሁ።