በከተማ ጎርፍ ሞዴሌ ውስጥ ያሉት ሰዎች ከልክ በላይ ታዛዥ ሆኑብኝ

ጠያቂ፦
ለመመረቂያ ጽሑፌ በከተማ ጎርፍ ጊዜ ነዋሪዎች ቤታቸውን ለቀው ሲወጡ የሚያሳይ ሞዴል በኔትሎጎ (የእያንዳንዱን ሰው እንቅስቃሴ በኮምፒውተር በሚያስመስል ፕሮግራም) እየሠራሁ ነው። ሁሉም ማስጠንቀቂያው እንደተነገረ ተነሥተው፣ በሴኮንድ 1.3 ሜትር እየተራመዱ በአጭሩ መንገድ ወደ መጠለያ ይሄዳሉ። ውጤቱ ለማመን ይከብዳል፤ ውሃው መንገድ ላይ ሳይደርስ ሰፈሩ ባዶ ይሆናል። የእርምጃውን ፍጥነት ብቀንሰው ይስተካከላል?

ውሃልክ፦
እርምጃውን ይተዉት። ጊዜው የሚባክነው ከደጃፍ ሳይወጡ ነው። ማስጠንቀቂያ ሰምቶ ወዲያው የሚነሣ ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙው በመስኮት አይቶ፣ ጎረቤት ጠይቆ፣ ልጁ የት እንዳለ አጣርቶ፣ ሰነዱን ሰብስቦ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የተለያየ የመዘግየት ጊዜ ይስጡት። የወጡት ሰዎች ድምር በግራፍ ሲታይ በዝግታ ጀምሮ፣ መሀል ላይ ሽቅብ ተተኩሶ፣ መጨረሻው ላይ የሚንቀራፈፍ ኩርባ መሆን አለበት። ጎረቤቱ ሲወጣ ያየ ሰው የመውጣት ዕድሉ ይጨምር።

መንገዱም ችግር አለበት። የውሃውን ስሌት እንደ ሄክ ራስ ባለ ፕሮግራም ለብቻው ሠርተው የጥልቀቱንና የፍጥነቱን ካርታ በየደቂቃው ወደ ሞዴሉ ያስገቡ። ጥልቀቱ በሜትር፣ ፍጥነቱ በሜትር በሴኮንድ ተለክቶ ብዜታቸው ከ0.6 ካለፈ ለአዋቂም አስጊ ነው፤ ለልጅ ገደቡ ዝቅ ይላል። ሰዎቹ ግን ይህን ካርታ እንዳያዩ! የሚያውቁት ዓይናቸው የደረሰበትን ብቻ ይሁን። ሁሉን አዋቂ ነዋሪ ያለበት ከተማ ውስጥ ማንም አይሰጥምም።

ባለአራት ጎማ፦
መኪናም ይጨምሩ። 30 ሴንቲ ሜትር ውሃ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል። በስፔን ቫሌንሲያ ኦክቶበር 29 ቀን 2024 የስልክ ማስጠንቀቂያው የተላከው ከምሽቱ 2፡11 ላይ ነበር፤ ያን ጊዜ ብዙ ቦታ ተጥለቅልቆ ነበር። መኪናቸውን ለማውጣት ወደ ምድር ቤት ጋራዥ ወርደው የቀሩም አሉ። እንግዲህ ከአደጋው ከመሸሽ ይልቅ ወደ አደጋው የሚሄድ ሰው ሞዴልዎ ያውቃል?

ጠያቂ፦
አያውቅም፤ እጽፍለታለሁ። ፎቅ ላይ የሚኖሩትንስ ወደ መጠለያ ልስደዳቸው?

ውሃልክ፦
ሕንጻው ጠንካራ ከሆነና ውሃው ቶሎ የሚጎድል ከሆነ ላይኛው ፎቅ ከመንገድ ይሻላል፤ ምርጫውን ይስጧቸው። ከዚያ ማን መቼ እንደሚነሣ የሚወስኑትን የዘፈቀደ ቁጥሮች እየቀያየሩ ደጋግመው ያስኪዱት፤ መጨረሻ የቀሩት እነማን እንደሆኑ አንድ በአንድ ይመልከቱ። አማካዩን ለአማካሪዎ ይተዉላቸው።