ፋሲካ ቋሚ ቀን ይቆረጥለት?

ጠያቂው፦ ፋሲካ በየዓመቱ የሚዞረው እስከ መቼ ነው? እ.ኤ.አ. በ2024 ምዕራቡ ማርች 31፣ አብዛኛው ኦርቶዶክስ ሜይ 5 አከበረ። ለአንድ ትንሣኤ የአምስት ሳምንት ልዩነት! ከኤፕሪል አንዱን እሑድ ቆርጦ መገላገል ነው። እንግሊዝ በ1928 ይህንኑ በሕግ አውጥታዋለች።

ሙሉ ጨረቃ፦ ወንድሜ፣ ጭራውን ቆርጠህ አወራኸው። ሕጉ ጸደቀ እንጂ ሥራ ላይ አልዋለም። ደግሞስ ክርስቶስ የተሰቀለው በአይሁድ ፋሲካ ሰሞን አይደል? እነሱ በዓሉን የሚያከብሩት በኒሳን ወር አጋማሽ፣ ጨረቃ ስትሞላ ነው። «ፋሲካ» የሚለው ስም ራሱ ከ«ፔሳሕ» የመጣ ነው። ከጨረቃዋ ከነጠልከው፣ እስራኤላውያን ከግብፅ የወጡበትም ታሪክ አብሮ ይቀራል። ምን ተረፈ ታዲያ? የእረፍት ቀን።

የልጅ እናት፦ እኔ የጨረቃው ነገር ብዙም አይገባኝም። ከባለቤቴ ጋር ቤተ ክርስቲያናችን ይለያያል። በ2024 እሱ ፈስኮ «ተነሥቷል» ሲለኝ፣ እኔ ገና ሆሳዕና እንኳ አልደረስኩም። በ2025 ሁለታችንም ኤፕሪል 20 ስናከብር ደግሞ ልጃችን «ዘንድሮ አንድ ብቻ ነው እንዴ?» ብሎ አኮረፈ።

ጋሽ ቀመር፦ ልጄ፣ አብሮ ለማክበር እኮ ቋሚ ቀን አያስፈልግም። ደንቡ ድሮም አንድ ነው፤ ከማርች 21 ወዲህ የምትሞላዋን ጨረቃ ተከትሎ የሚመጣው እሑድ። የተለያየው ቀኑና ጨረቃዋ የሚሰሉበት ሰንጠረዥ ነው። ምሥራቁ ፋሲካን የሚያሰላበት የጁሊያን፣ ማለትም የአሮጌው አቆጣጠር፣ ማርች 21 ዛሬ ኤፕሪል 3 ላይ ይውላል። ያንኑ 2024ን እዩት። ጨረቃ ማርች 25 ሞላች፤ ምዕራቡ የዚያኑ ሳምንት እሑድ አከበረ። ለምሥራቁ ግን ያቺ ጨረቃ ቀድማለች፣ ቀጣይዋ ትጠበቃለች። እሷም በሰማይ ኤፕሪል 23 ሞላች፣ በሰንጠረዡ ግን 28 ነው። 28 ራሱ እሑድ ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህ በዓሉ ሌላ ሳምንት ተገፋ። ጉድ እኮ ነው! በ1997 ሶርያ ውስጥ አሌፖ ላይ የተሰበሰቡት የአብያተ ክርስቲያናት ተወካዮች ጥሩ ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ደንቡ ይቆይ፣ ስሌቱ ግን ኢየሩሳሌምን መነሻ አድርጎ በዘመኑ ሥነ ፈለክ ይሠራ አሉ።

ጠያቂው፦ እሺ ጋሼ፣ ተረታሁ። ታዲያ ምን ያዛቸው?

ጋሽ ቀመር፦ ፍርሃት ነዋ። የግሪክ ቤተ ክርስቲያን በ1924 የማይዞሩትን በዓላት ቀን ብቻ ቀየረች። ፋሲካን አልነካችም። ያም ሆኖ ምእመናኗ ተከፈሉ፤ በአሮጌው አቆጣጠር የጸኑት እስከ ዛሬ ለብቻቸው ናቸው።

የልጅ እናት፦ እንግዲያው ልጄ ሁለቱን ፋሲካውን ይዞ ይቆያል። ቀጣዩ የጋራችን በ2028፣ ኤፕሪል 16 ነው። እንዳያኮርፍ ከአሁኑ ልንገረው።