የፋይበር ቀለበት ሞጁላር ስዊች ላይ፦ ሁለቱን ጫፎች የት ልሰካ?

ጥያቄ፦ የማርቆሷ

ሰላም ቤተሰብ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ ኮሌጅ ግቢ ኔትወርክ እየሠራሁ ነው። ዋናው ሕንፃ ላይ ባለ ስድስት ማስገቢያ ሞጁላር ስዊች (ካርድ እየተሰካበት የሚሠራ የኔትወርክ ማከፋፈያ) ይቀመጣል። ሁለቱ ማስገቢያ ለመቆጣጠሪያ ካርድ፣ አራቱ ለፖርት ካርድ ነው። ከሱ የሚነሳው ፋይበር ቤተ መጻሕፍቱን፣ ላቦራቶሪውን፣ መማሪያ ክፍሎቹንና ዶርሙን አዳርሶ እዚያው ይመለሳል። ኬብሉ ባለ 12 ኮር (12 የመስታወት ክር ያለው) ሲንግል ሞድ ሲሆን ረጅሙ መስመር 1.2 ኪሎ ሜትር ነው።

የቀለበቱን ሁለት ጫፍ አንድ ካርድ ላይ ጎን ለጎን ልሰካው ወይስ ሁለት ካርድ ላይ? ሁለት ካርድ ላይ ከሆነ ቀለበቱ እንዲዘጋ በካርዶቹ መካከል ፓች ኮርድ (አጭር ማገናኛ ገመድ) ያስፈልጋል? ሻጩ ደግሞ «የ80 ኪሎ ሜትሩን ኤስኤፍፒ ውሰጂ፣ ጠንካራ ነው» ይለኛል፤ ፖርቱ ላይ የሚሰካውን ብርሃን ላኪና ተቀባይ ማለቱ ነው። ክረምት ሳይገባ መጨረስ አለብኝ። እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ፦ የቡሬው

እህቴ፣ ሁለት ካርድ ላይ አድርጊው። ሁለቱም ጫፍ አንድ ካርድ ላይ ካሉ፣ ካርዱ የተበላሸ ቀን አራቱም ሕንፃ ከዋናው ይቆረጣል። ለየብቻ ከሆኑ ግን ዳታው በሌላው አቅጣጫ ዞሮ ይገባል።

ፓች ኮርዱን ተይው። ካርዶቹን የሚያገናኛቸው ባክፕሌኑ፣ ማለትም ካርዶቹ የሚሰኩበት የስዊቹ የውስጥ ቦርድ፣ ነው። ሁለቱ ፖርቶች አንድ ቪላን (በስዊቹ ላይ ለብቻ የተከለለ ኔትወርክ) ውስጥ ካሉ ቀለበቱ በውስጥ በኩል ተዘግቷል። በላዩ ፓች ኮርድ ከጨመርሽ ሌላ ሉፕ (ዳታ ማብቂያ ሳይኖረው የሚዞርበት መንገድ) ፈጠርሽ ማለት ነው። ሉፑን የሚዘጋ ፕሮቶኮል ከሌለ ብሮድካስቱ (ለሁሉም የሚላከው መልእክት) እየተባዛ ይዞርና ግቢው በሙሉ ቀጥ ይላል። የዋናው ቀለበት የመጨረሻ ኬብልም ቢሆን አርኤስቲፒ (ሉፕ የሚዘጋው ፕሮቶኮል) ሁሉም ስዊች ላይ መብራቱን ሳታረጋግጪ አይሰካ። የሞጁላሩን ፕራዮሪቲ (ቁጥሩ ያነሰው ይመረጣል) 4096 አድርጊውና ሩት፣ ማለትም የሌሎቹ መነሻ የሚሆነው ስዊች፣ እሱ ይሁን። ስዊቾቹ ሁሉ ኢአርፒኤስ የሚባለው ፕሮቶኮል ካላቸው ደግሞ እሱ ይበልጣል። ለቀለበት ተብሎ የተሠራ ነው፤ መስመር ሲቆረጥ በ50 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ እንዲያዞር ታስቦ።

መልስ፦ ብርሃን ለካ

የ80 ኪሎ ሜትሩን እንዳትገዢ! ለሩቅ መንገድ የተሠራ ስለሆነ ብርሃኑ ለ1.2 ኪሎ ሜትር ይበዛል፣ ተቀባዩንም ሊጎዳው ይችላል። ኤልኤክስ የሚባለው ባለ 10 ኪሎ ሜትሩ ኤስኤፍፒ፣ የብርሃን ሞገዱ 1310 ናኖ ሜትር የሆነው፣ ይበቃሻል። እስቲ እናስላው። ኬብሉ በኪሎ ሜትር 0.4 ዲቢ (የብርሃን መዳከም መለኪያ) ቢበላ 0.5 ገደማ ነው። አራት ማገናኛ እያንዳንዳቸው 0.5 ቢበሉ 2። በጠቅላላው 2.5 ዲቢ ገደማ ነው። ኤልኤክስ ይህን ያለ ችግር ይሸከማል።

መልስ፦ ነባር ከባሕር ዳር

ልጄ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው፤ ግን ካርዱ ላይ ብቻ አትቁሚ። ሁለቱ ጫፎች ከሕንፃው ሲወጡ በአንድ ቦይ ከሄዱ አንድ ኤክስካቫተር ሁለቱንም ይዞ ይወጣል። ያኔ ካርድ መለየቱ ምን ይጠቅማል? አንዱ በምሥራቅ በር፣ አንዱ በምዕራብ ይውጣ። መሬቱ ዋልካ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቂ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ኬብሉንም ይጎትተዋል። ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገቢው፣ በየማንሆሉም ትርፍ ጠቅልለሽ ተዪ።

ከዚያ መብራት። ቀለበት አንድ ብልሽት ይችላል፣ ሁለት አይችልም። ቤተ መጻሕፍቱና ዶርሙ አብረው ቢጠፉ፣ በመካከል ያሉት ላቦራቶሪና መማሪያ ክፍሎች መብራት እያላቸው ይቆረጣሉ። ድሮ ኤፍዲዲአይ በሚባለው የ100 ሜጋ ቢት ድርብ ቀለበት ላይ ለዚህ መላ ነበረው። ጣቢያው ሲጠፋ ብርሃኑ አልፎ እንዲሄድ የሚያደርግ የኦፕቲካል ማለፊያ ይገጠም ነበር። አንቺ ትርፍ ኮር አለሽ። መብራት የሚያስቸግረውን ሕንፃ ፓች ፓነሉ (የፋይበር ጫፎች የሚሰኩበት ሰሌዳ) ላይ በትርፍ ኮር አሳልፊው። ቀለበቱ ሳይነካ ይቀጥላል፣ ለዚያ ሕንፃ ብቻ ቅርንጫፍ ትሰጪዋለሽ።

የማርቆሷ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የቦዩን ነገር ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር፤ ፕላኑ ላይ ሁለቱም በአንድ በር ነው የሚወጡት። ነገ አስተካክለዋለሁ። ዶርሙን በትርፍ ኮር አልፈዋለሁ። የሞጁላሩን ሁለት ፓወር ሰፕላይስ አንድ ዩፒኤስ ላይ ላድርጋቸው?

የቡሬው

አይሆንም። አንዱን ዩፒኤስ ላይ፣ ሌላውን በሌላ ዩፒኤስ ወይም በቀጥታ ከጀነሬተሩ መስመር አድርጊ። ግን ባክፕሌኑ ራሱ አንድ ነው። ቻሲሱ (የስዊቹ ዋና ሳጥን) እንዳለ ከሞተ ቀለበቱ ላይ ያሉት ሕንፃዎች እርስ በርስ ይገናኛሉ እንጂ ሰርቨሩንም ኢንተርኔቱንም አያገኙም። መለዋወጫ ስዊች መደርደሪያ ላይ ይኑርሽ።

ርክክብ ከመፈረምሽ በፊት ፒንግ (የግንኙነት መሞከሪያ መልእክት) እየሄደ ሞክሪው። መጀመሪያ አንድ ፋይበር ንቀዪ። መልሰሽ ሰክተሽ ሲረጋጋ አንዱን ካርድ እንዳለ ንቀዪ፤ ግን ካርዱ ስዊቹ እየሠራ የሚነቀል ዓይነት መሆኑን አረጋግጪ። ኮንፊገሬሽኑን አስቀድመሽ ሴቭ አድርጊ።